ባዶ ቼክ ተራ ወረቀት አይደለም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ያቀረበችው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ፕሪንተር መሳቢያ ነው ብዬ ለሰብሳቢያችን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ የሚመጣው የፕሪንተር ወሬ ሊሰማ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በዚያ መሳቢያ ምክንያት የደረሰብንን አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ሌሎቻችሁ በወሬ ነው የሰማችሁት። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

አዲስ አበባ ኮሌጅ ሳለሁ የሒሳብ አያያዝ የተማርኩት በፒችትሪ ነው። እዚያ ቼክ ማለት ባንክ የሚሰጠን ደብተር ነው። በእጅ ይጻፋል፣ ጉርዱ ደብተሩ ላይ ይቀራል። ስንት ቼክ እንደወጣ ለማወቅ ደብተሩን መግለጥ ይበቃል። እዚህ አሜሪካ ማኅበራችን የሚሠራበት ቼክ ግን በኩዊክቡክስ ተሞልቶ በሌዘር ፕሪንተር የሚታተም ነው። ወረቀቱ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። የአንዱ ገጽ የላይኛው ሲሶ ቼኩ ነው፤ የቀሩት ሁለት ሲሶዎች ጉርዶች ናቸው። አንዱ ጉርድ ለተከፋዩ ይሄዳል፣ ሌላው ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ ፋይላችን ውስጥ ይቀመጣል።

ከቼኩ ግርጌ በማግኔት ቀለም የታተሙ ቁጥሮች አሉ። እነሱም የቼኩ ቁጥር፣ 9 አሃዝ ያለው የባንኩ መለያ እና የእኛው የሒሳብ ቁጥር ናቸው። ስለዚህ ያ ወረቀት ከካርቶኑ ሲወጣ የሚጎድለው ቀን፣ ስም፣ የገንዘብ መጠንና ፊርማ ብቻ ነው። ፊርማ ደግሞ የሚታመኑበትን ያህል ጠባቂ አይደለም። ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ባንኮች በዋናው ወረቀት ፋንታ ምስሉን መለዋወጥ ይችላሉ፤ ዛሬ ሰው ቼኩን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስገባል። ወረቀቱን በእጁ ይዞ ፊርማችንን የሚያመሳክር ሰው ይኖራል ብለን መተማመን አንችልም። «ሁለት ሰው ይፈርም» የሚለው ደንባችንም የራሳችን ደንብ ነው፤ ብዙ ባንኮች አያስከብሩልንም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። አንድ ዓርብ ማታ 6 ቼኮች ለማተም 20 ወረቀት ቆጥሬ አወጣሁና ከፕሪንተሩ ፊት ለፊት በሚዘረጋው መሳቢያ ላይ አስቀመጥኩ። ስድስቱን አተምኩ፣ አስፈረምኩ። የቀሩትን 14 ግን እዚያው ረስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ ቅዳሜ ጸሐፊያችን የስብሰባውን ማስታወቂያ ልታትም ኮምፒውተሩን አዘዘች። ብዙ ሌዘር ፕሪንተሮች ከየትኛው መሳቢያ እንደሚስቡ ካልተነገራቸው፣ በሚዘረጋው መሳቢያ ላይ ወረቀት ካለ መጀመሪያ የሚስቡት ከእሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ 14 ማስታወቂያዎች ቼኮቹ ላይ ታተሙ። እሷም አዲስ ነበረችና የተበላሸ ወረቀት መስሏት፣ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ በአዳራሹ ለሚጫወቱት ልጆች መሳያ ሰጠቻቸው። እሷን አትውቀሷት፤ እዚያ የተውኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕለት አንዲት እናት ደወለችልኝ። «ልጄ አበባ የሳለችበት ወረቀት ጀርባው ላይ የማኅበሩ ስምና የባንክ ቁጥር አለ፤ ምንድን ነው?» አለችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ቤት ለቤት ዞረን 12ቱን አገኘን። ሁለቱ አልተገኙም። በዚያው ቀን ባንክ ሄደን ሒሳቡን አዘጋን፣ አዲስ ከፈትን።

ከገንዘባችን አንድ ሳንቲም አልጠፋም። ነገር ግን ዓርብ ከታተሙት ቼኮች አራቱ ገና ስላልተመነዘሩ፣ ሒሳቡ ሲዘጋ ከንቱ ሆኑ። አንዱ ለአንዲት እህታችን የቤት ኪራይ ማስያዣ ነበር። አዲሱ ቼክ እስኪደርስ 9 ቀን ከሁለት ልጆቿ ጋር ሰው ቤት አደረች። ያን ቀን እየደወልኩ «ትንሽ ታገሺኝ» ያልኳት እኔ ነኝ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለውጠናል። በየቤታችሁ ትንሽ ንግድ ያላችሁም ትጠቀሙበት ይሆናል ብዬ በዝርዝር እናገራለሁ።

አንደኛ፤ ፕሪንተራችን አንድ ቢሆንም ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ስም ተጭኗል። አንዱ «ተራ»፣ ሌላው «ቼክ» ይባላል። «ቼክ» በተባለው ላይ የወረቀት ምንጩን ከታችኛው መሳቢያ ብቻ እንዲሆን አድርገናል፤ «ተራ» የተባለው ደግሞ ከመካከለኛው ብቻ ይስባል። «ራስህ ምረጥ» የሚለውን ከሁለቱም ላይ አጥፍተናል። ከዚያ በኩዊክቡክስ የፕሪንተር ማስተካከያ ገብተን፣ ለቼክ የሚያገለግለው «ቼክ» የተባለው ፕሪንተር እንዲሆን መረጥን። ቀድሞ በየጊዜው መሳቢያውን በእጅ መምረጥ ነበረብን፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ይረሳል።

ሁለተኛ፤ መጀመሪያ በተራ ወረቀት እንሞክራለን። ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀስት እንሠራና መሳቢያው ውስጥ እንጨምረዋለን። ሲወጣ የትኛው ፊት፣ በየትኛው አቅጣጫ መግባት እንዳለበት እናውቃለን። የታተመውን ከቼኩ ጋር ደርበን ወደ መብራት አንሥተን ስናይ ስሙና መጠኑ ቦታቸውን መያዛቸው ይታያል።

ሦስተኛ፤ ቼክ የማይታተም ከሆነ የታችኛው መሳቢያ ባዶ ነው። ወረቀቱ የሚቀመጠው በተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው። ቁልፉ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ነው፤ የኩዊክቡክሱ የይለፍ ቃል እኔ ዘንድ ነው። ስናወጣም ስንመልስም ሁለታችን ቆጥረን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር መዝግበን እንፈርማለን።

አራተኛ፤ ከታተመ በኋላ ፕሮግራሙ «በትክክል ታትሟል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን በዓይናችን ሳናይ «አዎ» አንልም። የተበላሸ ቼክ አይጣልም። «ተሰርዟል» ተብሎ ይጻፍበታል፣ የፊርማው ቦታ ተቆርጦ ይወጣል፣ ፋይል ይደረጋል። ኮምፒውተሩ ላይም ዋጋ አልባ ይደረጋል እንጂ አይደመሰስም፤ ከተደመሰሰ ቁጥሩ የት እንደገባ በቀላሉ አይታወቅም።

አምስተኛ፤ በየወሩ የባንኩን መግለጫ የምትከፍተው ቼክ የማትጽፍና የማትፈርም አባል ናት። ቁጥሮቹን በተራ ታያለች፤ የተዘለለ ካለ ትጠይቀኛለች። ጥያቄዋ አያስከፋኝም።

እናቴ የዕድራቸው ገንዘብ ያዥ ነበረች። ዕድርተኞቹ ፊቷ ቁጭ ብለው ብሩን ደግመው ሲቆጥሩ ልጅ ሆኜ እናደድ ነበር። «አያምኑሽም እንዴ?» አልኳት። «ተቆጥሮ ሲገባ እኔም በሰላም እተኛለሁ» አለችኝ። ለጋሾቻችንም የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። የሰጣችሁንን ደጋግመን የምንቆጥረው ተጠራጥረን አይደለም፤ የምትጠብቀው እህት 9 ቀን እንዳትጠብቅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በመዝገቤ ላይ ሁለት ቁጥሮች እስከ ዛሬ ክፍት ናቸው። ሒሳቡ ስለተዘጋ ጉዳት አያመጡም፤ እኔ ግን መስመሩን መዝጋት እፈልጋለሁ። የልጆቻችሁን ሥዕሎች ስታገላብጡ ሰማያዊ ወረቀት ካገኛችሁ ጀርባውን እዩልኝ። ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ ለልጁ እመልሳለሁ፤ ቼኩን ግን እወስዳለሁ።