ሐሳብ የበዛባትን እህት ማን ይጠይቃታል?
(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አሶሳን ያየ እንግዳ ለምለም አገር ናት ይላል። እውነቱን ነው፤ ማንጎው እስኪሰለች ይወድቃል። ታዲያ ስለ ድርቅ ምን አስወራን? ብዙዎቻችን በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ወይም የእነሱ ልጆች ነን። በአገር ደረጃ ወደ 600 ሺህ ሰው ነው የተጓጓዘው። እህል ተገኘ፤ ዘመድ ግን ተለያየ፣ የሞተውም ሁሉ በወጉ አልተለቀሰለትም። ዝናብ ሲዘገይ እናቶቻችን እንቅልፍ የሚያጡት ወደው አይደለም። ሰፈራው መሬታቸውን የነካባቸው የበርታ እህቶቻችንም የሚናገሩት ሐዘን አላቸው።

«ሐሳብ በዛብኝ» ማለት ቀላል አይደለም። የዚምባብዌ ሴቶችም በቋንቋቸው እንዲሁ ይላሉ። እዚያ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. 14 አያቶችን አሠልጥነው ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አያቶቹ ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቿ አንዱን አስመርጠው መላ ያፈላልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው እነሱ ከረዷቸው ከመቶ 14፣ የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ግን 50 ያህል ነበሩ።

እኛ ወንበር አያሻንም፤ ቡና አለን። ቡና ለሐሜትም ይመቻልና የሰማነው እዚያው ይቅር።

ደንባችን ከቁጠባ ስብሰባ የቀረችን ይቀጣል። የምናቀርበው ማሻሻያ ይህ ነው፦ ሁለት ሳምንት የቀረች እህት ከመቀጣቷ በፊት ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው ይጠይቋት። የምትቆጥበው አጥታ አፍራ ይሆናል፤ ከአልጋ መነሣት አቅቷትም ይሆናል።

ሐኪሞች አይደለንም። እንቅልፍና ምግብ የተዋች፣ «ብሞት ይሻለኛል» ያለች እህት ብቻዋን አትደር፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ዱዓውም ጠበሉም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

አጋሮቻችን ሆይ፣ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርድ ብሔራዊ ስትራቴጂ በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል። ከገጠር ቀበሌ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግን የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለክትትል ደግሞ ደጋግሞ። ለሥልጠናው እናመሰግናለን። ዘንድሮ ከአበሉ ቀንሳችሁ ለመጓጓዣ ብትሰጡን እንመርጣለን፤ ሒሳቡን ከቁጠባ መዝገባችን ጋር እናሳያችኋለን።

በደንቡ ማሻሻያ ላይ ከምሳ በኋላ እጅ እናወጣለን።