የአራዳን ሴቶች ማን ይጻፋቸው?

እህቶቼ፣ ዊኪፔዲያ ላይ ማንም መጻፍ ይችላል ይባላል። ይችላል፤ ግን ጥናት በተደረገ ቁጥር ከጸሐፊዎቹ የሚበዙት ወንዶች ናቸው። ካናዳዊቷ ዶና ስትሪክላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ስታገኝ ገጽ አልነበራትም። ከወራት በፊት የቀረበው ረቂቅ ምንጩ አያሳምንም ተብሎ ተመልሶ ነበር። እንግዲህ ለእሷ እንዲህ ከሆነ!

ወደ ሰፈራችን ልምጣ። እቴጌ ጣይቱን ሆቴላቸው ያስጠራቸዋል። ስንዱ ገብሩም በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸውና አይረሱም። ከሀገር ፍቅር መድረክ ግን ከአስናቀች ወርቁ ሌላ ስንት ሴት ትጠሩልኛላችሁ? ጠጅ ጥለው፣ ልብስ ሰፍተው ፒያሳን ያቆሙትንስ? እናቶቻችን በስም ያውቋቸዋል። ዊኪፔዲያ ደግሞ የታተመ ምንጭ እንጂ የእናት ቃል አይቀበልም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤቱ ተበተነ፤ የሚያስታውሱትም አብረው ሄዱ።

ስለዚህ ሥራው ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። ግማሾቻችን ወመዘክር ገብተን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን አዲስ ዘመን እንገልብጥ፤ ግማሾቻችን አያቶችን ፈልገን እንጠይቅ፣ የሰማነውንም እዚሁ መጽሔታችን ላይ እናትም። ቅዳሜ ከዕቁብ በኋላ እንጀምራለን። ሕፃን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ተራ ገብተን እንይዛለን። ጊዜ የላቸውም እየተባለ የምንታለፈው በዚህ ነውና።