በሁለት ጎማ የቀደመን፦ ገረመው ደንቦባን ስናስታውስ
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጆቹ «አንድ የቀድሞ ዘመን ስፖርተኛ አስታውሰን» ሲሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ሯጭ እንደማወራ እንደምትጠብቁ ገብቶኛል። አርሲ ጎረቤታችን ነውና አይገርምም። እኔ ግን የማወራው ስለ ብስክሌተኛ ነው። ምክንያቱም ዕዳ አለብኝ።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በተከራየሁት ብስክሌት ከሮቤ ወደ ጎባ ስሄድ ጎማዬ ተነፈሰ። እየገፋሁ ጎባ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ አገኘሁ። ጎማውን እየለጠፉ፣

«ገረመው ደንቦባን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ኃይሌንስ?»

«እሱንማ ማን የማያውቅ አለ!»

ሳቅ አሉና፣ «ኃይሌ ሳይወለድ ገረመው ኦሎምፒክ ሄዷል፤ ያውም በብስክሌት» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። «የሽማግሌ ወግ ነው» ብዬ ሂሳቤን ከፍዬ ሄድኩ።

ለካ እውነታቸውን ኖሯል! ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1956፣ ሜልቦርን ላይ ነው። ከሄዱት 12 ስፖርተኞች አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፦ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ። የጎዳናው ውድድር 188 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሮቤ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ አስቡት፤ ወደዚያ ይጠጋል። እኛ በአውቶቡስ ስንሄደው እንኳ ወገባችን ይቆረጣል። ገረመው 24ኛ ወጣ፤ ቡድናችንም 9ኛ። ብስክሌትን ከእኛ ቀድመው ሲጋልቡ ከኖሩት ከጣሊያኖች፣ ከፈረንሳዮችና ከእንግሊዞች ጋር ተሰልፎ የተገኘ ውጤት ነው።

ገረመው ከአራት ዓመት በኋላ ሮምም ሄዷል። በዚያው ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ፤ የአገሩ ዓይን ሁሉ ወደ ሩጫ ዞረ። መዞሩ ተገቢ ነው። ብስክሌተኞቹ ግን ከወሬያችን ወጡ።

በሌላው ዓለም ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ሳይክል ውድድር አለ። አራት ሰዎች ፍሬን በሌለው ሞተር አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማቸውን አፈር ላይ እያንሸራተቱ። ኒውዚላንዳዊው አይቫን ማውገር ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አርፏል። የስፖርቱ ወዳጆች ግን የእሱን ብቻ ሳይሆን የተሸናፊዎቹንም ስም፣ ዓመትና ነጥብ ጽፈው አስቀምጠዋል። አሸናፊማ ራሱን ያስታውሳል። መዝገብ የሚያስፈልገው 24ኛ ለወጣው ነው።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ የገረመውን ታሪክ አነበብኩ። ጎባ ስመለስ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ቦታ ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ የሚያውቁትንም ልጽፍ። ቦታው የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። «አባባ ካረፉ ቆይተዋል» አለኝ ልጁ። ገረመውን የት እንዳዩት፣ እሳቸውም ተወዳድረው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም። ያን ቀን የቸኮልኩት ለምን እንደነበር ዛሬ አላስታውሰውም።

ወገኖቼ፣ እኛ የተማርን ነን እንላለን። ጥናት ስንሠራ መጠይቅ በትነን ሰው እናሳድዳለን፤ በራችን ላይ ጎማ የሚለጥፈውን አዛውንት ግን አንጠይቅም። በሮቤ፣ በጎባ፣ በጊኒርና በዶሎ መና ስንት የሚያውቁ ሰዎች አሉ? የዩኒቨርሲቲያችን ጥበቃዎችና የወጥ ቤት እናቶችስ?

ልመናዬ አንድ ነው። እስከሚቀጥለው መገናኛችን እያንዳንዳችን አንድ አዛውንት ቁጭ ብለን እንስማ፤ በስልካችን ድምፃቸውን እንቅዳ፣ ከስማቸውና ከሰፈራቸው ጋር እንጻፍ። መምህራኖቻችን መልኩን ያሳዩን፤ ማኅበራችንም በዚህ መጽሐፍ ገጽ ይስጠን። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ስማቸው ይሁን።