ከባንዲራው በኋላ የሚሰማ ይግባኝ፦ የመኪና ውድድር ውጤቶችና የሕግ ክርክሮቻቸው



ለዚህ የምሽት ንግግር ርእስ እንድመርጥ በተጠየቅሁ ጊዜ «የመኪና ውድድር» ብዬ ስመልስ አዘጋጆቹ የቀለድሁ መስሏቸው ነበር። ዕድሜውን የሥነ ሥርዓት ሕግ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ መኪና ምን ያውቃል? እውነቱን ለመናገር ስለ መኪናው ብዙም አላውቅም፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው ያለፍሁ ሰው ነኝ። ስለ ይግባኝ ግን ጥቂት አውቃለሁ፤ እንደ መኪና ውድድር ይግባኝ የተጠናወተው ስፖርት ደግሞ አላየሁም።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በውድድር ሜዳ ስህተት ሲፈጸም፣ ከውድድሩ በኋላ የሚሰየም ችሎት ምን ያህሉን ማረም ይችላል? የእኔን መልስ አስቀድሜ ልናገር። የቆጠራና የመለኪያ ስህተትን ማረም ይችላል። ስህተቱ ተወዳዳሪዎቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን የለወጠ ከሆነ ግን ችሎቱ ወረቀቱን እንጂ ውድድሩን ማረም አይችልም። ዘመኑን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን እያሳሰብሁ፣ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ካያችሁት ልነሣ።

ዲሴምበር 12 ቀን 2021፣ አቡዳቢ። የፎርሙላ ዋን የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነው። ሉዊስ ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን እኩል 369 ነጥብ ተኩል ይዘው ገብተዋል። ከ58ቱ ዙሮች ብዙዎቹን የመራው ሃሚልተን ነበር። በ53ኛው ዙር የኒኮላስ ላቲፊ መኪና ከግድግዳ ጋር ተጋጨ፤ የውድድሩ ዳይሬክተር ማይክል ማሲም የደኅንነት መኪናውን አስገቡ። ይህ መኪና ሲገባ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ከኋላው በዝግታ ይሰለፋሉ፤ መሪው ያካበተው ብልጫም በአንድ ጊዜ ይቀልጣል። ቨርስታፐን በዚህ መሐል ጎማውን በአዲስ ለወጠ፤ ሃሚልተን ግን መሪነቱን እንዳያጣ በአሮጌው ጎማ ሜዳ ላይ ቆየ። በሁለቱ መካከል በሩጫ ቋንቋችን «የተደረቡ» የምንላቸው፣ አንድ ዙር ወደ ኋላ የቀሩ አምስት መኪኖች ነበሩ። ከቨርስታፐን ኋላ ደግሞ ሌሎች ሦስት የተደረቡ ነበሩ።

ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ የተደረቡት መኪኖች ማለፍ አይፈቀድላቸውም አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን አምስቱ ብቻ እንዲያልፉ አዘዙ፤ ሦስቱ ባሉበት ቀሩ። የደኅንነት መኪናውም በዚያው ዙር መጨረሻ እንዲወጣ ተደረገ። አንድ ዙር ቀረ። ቨርስታፐን በአምስተኛው መታጠፊያ ሃሚልተንን አለፈና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የሕጉ ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። የዚያ ዘመን የውድድር ደንብ አንቀጽ 48.12 ሁለት ነገር ይላል። ማለፍ ከተፈቀደ ማናቸውም የተደረቡ መኪኖች ያልፋሉ፤ የመጨረሻው ተደራቢ ካለፈ በኋላም የደኅንነት መኪናው በሚቀጥለው ዙር መጨረሻ ላይ ይወጣል። በዚህ ስሌት ውድድሩ ከደኅንነት መኪናው ኋላ በሰልፍ ማለቅ ነበረበት፤ ሻምፒዮኑም ሃሚልተን ይሆን ነበር። የመርሴዲስ ቡድን በዚያው ምሽት ሁለት አቤቱታ አቀረበ። ዋናው ይህ ነበር።

የሬድ ቡል ቡድን መልስ ለሕግ ተማሪ የሚጣፍጥ ነው፦ «ማናቸውም» ማለት «ሁሉም» ማለት አይደለም! እዚህ ላይ እስቲ በገዛ ቋንቋችን እናስበው። ሕገ መንግሥታችን «ማንኛውም ሰው» ብሎ መብት ሲሰጥ፣ ከመካከላችን አምስቱን መርጦ ሦስቱን ሊተው ነውን? አንድ ደንብ ማናቸውንም ሲያዝ፣ ምርጫውን ለአዛዡ የተወ የሚመስለው በችኮላ ላነበበው ብቻ ነው። እንዲያውም ፌዴሬሽኑ ራሱ በተከታዩ ዓመት ቃሉን «ሁሉም» በሚል ተካው። ቃሉ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ምን መለወጥ አስፈለገ የሚል ይኖራል፤ የእኔ መልስ ግልጽ የነበረውን ነገር ለመካድ እንኳ ቀዳዳ እንዳይቀር ነው የሚል ነው።

የውድድሩ ዳኞች ግን በዚህ ቃል ላይ አልቆሙም። አንቀጽ 48.12 በሙሉ ሳይፈጸም ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል ከተቀበሉ በኋላ፣ የደኅንነት መኪናው መውጣት አንዴ ከተነገረ በዚያ ዙር መጨረሻ መውጣቱ ግዴታ ነው አሉ፤ በተጨማሪም ዳይሬክተሩ በአንቀጽ 15.3 መሠረት በደኅንነት መኪናው አጠቃቀም ላይ የበላይ ሥልጣን አላቸው ሲሉ ወሰኑ። በዚህ ከዳኞቹ ጋር አልስማማም። አንቀጹን ከነአገባቡ ያነበበ ሰው እንደሚያየው፣ ዳይሬክተሩ የበላይ የሚሆኑት በሜዳው አስተናባሪ ሹም ላይ ነው። በሰው ላይ የተሰጠ የበላይነት በደንቡም ላይ የበላይ አያደርግም። ፍቅደ ሥልጣን የሚባለው ነገር ሁልጊዜ በሕግ አጥር ውስጥ ያለ ሥልጣን ነው፤ ይህን በአስተዳደር ሕግ ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት እናስተምራለን።

ሌላም አለ። ያ ውሳኔ ሊሰጥ ሲል የሁለቱም ቡድኖች አለቆች ለዳይሬክተሩ በሬዲዮ ይናገሩ ነበር፤ አንደኛው ይህን አድርግ ይላል፣ ሌላኛው ይህን አታድርግ ይላል፤ ዓለምም ይሰማል። በእኛ ፍርድ ቤት አንድ ተከራካሪ ውሳኔ በመጻፍ ላይ ያለ ዳኛ ቢሮ ገብቶ በጆሮው ቢያንሾካሹክ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በዚያ ስፖርት ግን የተፈቀደ ነበር።

እንግዲህ ስህተት ነበረ እንበል። ቀጥሎስ? መርሴዲስ የጠየቀው ውጤቱ በ57ኛው ዙር መጨረሻ እንደ ነበረው እንዲጻፍ ነው። ዳኞቹ ይህ ውድድሩን ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳጠር ስለሚሆን ተገቢ አይደለም አሉ። በትርጓሜው የተቃወምኋቸው እኔ፣ በዚህች ነጥብ ላይ ብቀመጥ ከእነርሱ አልለይም ነበር። ቨርስታፐን ያጠፋው ነገር የለም፤ የተፈቀደለትን መንገድ ተጠቅሞ ነው ያለፈው። ሁለቱም ቡድኖች ጎማ መለወጥና አለመለወጥን የወሰኑት ሊመጣ የሚችለውን ገምተው ነው። ችሎቱ አንዱን ዙር ቢሰርዝ፣ በዚያ ዙር ላይ ተመሥርተው የተወሰኑትን ነገሮች አብሮ ሊሰርዛቸው አይችልም።

በጥብቅና ባሳለፍኋቸው ጥቂት ዓመታት አንዲት እናት በድንበር ክርክር በይግባኝ ረትተው ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግን እግድ ሳንጠይቅበት ተፈጽሞ፣ ባሕር ዛፎቻቸው ተቆርጠው አልቀዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፍርዱን ሳነብላቸው «ልጄ፣ ፍርዱስ መልካም ነው፤ ዛፎቼን ግን ማን መልሶ ያቆማቸዋል?» አሉኝ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን አፈጻጸምን የሚያግድ ትእዛዝ የተደነገገው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የመኪና ውድድር ግን እግድ የለውም። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ነገር «ይቆይልኝ» ማለት አይቻልም።

መርሴዲስ የይግባኝ ፍላጎቱን ካስመዘገበ በኋላ፣ ዲሴምበር 16 ቀን፣ የዓመቱ ሽልማት በሚሰጥበት ዕለት ይግባኙን ተወው። በ2022 መጀመሪያ ማሲ ከኃላፊነት ተነሡ። በማርች የወጣው የፌዴሬሽኑ ሪፖርትም የሰው ስህተት መፈጸሙን፣ ዳይሬክተሩ ግን በቅን ልቡና መሥራታቸውን ገልጾ፣ ውጤቱ የጸና፣ የመጨረሻና የማይለወጥ ነው አለ። ስህተቱ ታመነ፣ ውጤቱ ጸና። ብዙዎች ይህን እንደ ስላቅ አይተውታል፤ እኔ ግን ሌላ ምን ሊባል ይችል እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

ይግባኝ የሚሠራበት ቦታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በኤፕሪል 2003 በብራዚል ኢንተርላጎስ፣ በዝናብ መሐል በደረሱ ከባድ አደጋዎች ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆመ። ደንቡ ውጤቱ ጥቂት ዙር ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲወሰድ ያዛል። በ53ኛው ዙር መጨረሻ ተወስዶ ኪሚ ራይኮነን አሸናፊ ተባለና ዋንጫውን አነሣ። በኋላ የሰዓት መዝገቡ ሲመረመር፣ የጆርዳን ቡድኑ ጂያንካርሎ ፊዚኬላ ከተገመተው አንድ ዙር በላይ ሄዶ ነበርና ውጤቱ በ54ኛው ዙር መወሰድ ነበረበት። በዚያ ዙር መሪው ፊዚኬላ ነው። በዚያው ሳምንት ፓሪስ ላይ ጉዳዩ ታየ፤ ድሉም ለፊዚኬላ ተሰጠ። በሚቀጥለው ውድድር ራይኮነን ዋንጫውን በእጁ አስረከበው። እዚህ ችሎቱ የፈጠረው ነገር የለም። የሆነውን ቆጠረ፣ ያልተቆጠረውን ጨመረ። መኪኖቹ ቆመው ስለ ነበር የቆጠራው ስህተት የማንንም ቀጣይ ድርጊት አልለወጠም።

የመለኪያም ነገር ወደዚሁ ይጠጋል። ለዚህ ከመኪናው ሜዳ ጥቂት ልውጣና የራሳችንን ሰው ላንሣ። በሴፕቴምበር 2021 አትሌት ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ወዲያው ጫማው ሲለካ የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር፣ የተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘና ድሉ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። አዝነናል። ነገር ግን መለኪያ ከሰው ፊት አይፈራምና ክርክሩ አጭር ነበር።

ሁሌም ግን አጭር አይሆንም። በ1976 የስፔን ውድድርን ያሸነፈው ጀምስ ሃንት፣ መኪናው 1.8 ሴንቲ ሜትር ከወሰን በላይ ሰፍቶ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ። ቡድኑ ማክላረን ይግባኝ አለ፤ ወርዱ ልዩነት አላመጣም ብሎ ተከራከረና በጁላይ ድሉ ተመለሰለት። በዚያው ወር የብሪታንያን ውድድር አሸነፈ፤ በመጀመሪያው ዙር ግጭት መኪናው ከተጎዳ በኋላ በዳግም መነሻው ላይ መሳተፍ አይገባውም ነበር በማለት ፌራሪ ይግባኝ ብሎ በሴፕቴምበር ድሉ ተነጥቆ ለኒኪ ላውዳ ተሰጠ። በእነዚህ ሁለት ፍርዶች መካከል ላውዳ በኑርቡርግሪንግ ተቃጥሎ ሊሞት ደርሶ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቁስሉ ሳይድን ተመልሶ ነድቷል! የዓመቱ ውጤት ሃንት 69፣ ላውዳ 68 ሆነ። አንዲት ነጥብ ናት። የስፔኑ ይግባኝ ባይሳካ ሻምፒዮኑ ላውዳ ነበር። በዚያ ዓመት በየሜዳው የነበረ ተመልካች ማን እየመራ እንደ ሆነ ለማወቅ የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ መከታተል ነበረበት ማለት ነው።

በአሜሪካ የባሰም አለ። በ1981 የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድርን ቦቢ አንሰር አሸነፈ፤ በቢጫ ባንዲራ ጊዜ መኪኖችን አልፏል ተብሎ በማግስቱ ማሪዮ አንድሬቲ አሸናፊ ተባለ፤ በኦክቶበር ደግሞ ቅጣቱ በ40,000 ዶላር ተተክቶ ድሉ ለአንሰር ተመለሰ። ከአራት ወር በላይ! ጥፋቱ በተፈጸመባት ደቂቃ የአንድ ዙር ቅጣት ቢጣልበት ኖሮ አንሰር ቅጣቱን ለማካካስ ይነዳ፣ አንድሬቲም ያንን አውቆ ይነዳ ነበር። ያልተነገረ ቅጣት ለሁለቱም የማያውቁትን ውድድር አስነዳቸው።

ይግባኝ ጨርሶ የማይሰማበትም ጊዜ አለ። በ2008 በቤልጂየም ሃሚልተን ከመንገዱ ወጥቶ ጥቅም አግኝቷል ተብሎ 25 ሰከንድ ሲጨመርበት ድሉ ወደ ፌሊፔ ማሳ ዞረ፤ የማክላረን ይግባኝም ይህ ዓይነቱ ቅጣት ይግባኝ አይባልበትም ተብሎ ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ውድቅ ሆነ።

የሚገርመው፣ ያን ዓመት እስከ ዛሬ ድረስ የሚከራከርበት ተጠቃሚ የነበረው ማሳ ራሱ መሆኑ ነው። በዚያው ወር በሲንጋፖር ኔልሰን ፒኬ ልጁ በገዛ ቡድኑ ትእዛዝ መኪናውን ሆን ብሎ ከግድግዳ ጋር አጋጨ። የደኅንነት መኪና ገባ፤ ይመራ የነበረው ማሳ ነዳጅ ሊሞላ ገብቶ ከነቱቦው ወጣና ያለ ነጥብ ጨረሰ። በዓመቱ መጨረሻ ሃሚልተን በአንድ ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ሤራው የታወቀው በ2009 ነው። ማሳ በ2024 ለንደን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ በ2025 ዳኛው የካሳውን ጥያቄ የሚሸከመው የሤራ ክስ ወደ ሙሉ ክርክር እንዲያልፍ ፈቅደው፣ ሻምፒዮንነቱ የእርሱ በሆነ ነበር ተብሎ እንዲታወጅለት የጠየቀውን ግን አልተቀበሉም። ገንዘብ ሊተመን ይችላል። ያ ቱቦ ያለ ሤራውስ በሌላ ዙር ይያዝ ነበርን? ይህን ማንም ዳኛ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ከአቡዳቢ በኋላ ፌዴሬሽኑ የወሰዳቸው እርምጃዎች ትክክለኛውን ቦታ የነኩ ይመስሉኛል፤ ያሉት ከይግባኙ ፊት ነውና። «ማናቸውም» ወደ «ሁሉም» ተለወጠ። የቡድን አለቆች ከዳይሬክተሩ ጋር በውድድር መሐል በቀጥታ መሟገታቸው ቀረ። ዳይሬክተሩን ከሩቅ ሆኖ የሚያግዝ፣ እንደ እግር ኳሱ የቪዲዮ ዳኝነት ያለ ክፍል ተቋቋመ። አንድም የይግባኝ ደረጃ አልተጨመረም፤ ባለመጨመሩም አላዘንሁም።

ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄ ልተወው። ከኋላ የተቀመጣችሁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በ«ማናቸውም» ትርጓሜ እንደማትስማሙ ከፊታችሁ አይቻለሁና ከእናንተ እንጀምር።