ከተሸነፈችበት ቀን ወዲያ

ዶሮቲያ ላምበርት ቻምበርስ የምትባል እንግሊዛዊት የቴኒስ ተጫዋች ነበረች። ዛሬ ስሟን የሚያነሳ ሰው ቢገኝ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳት የተሸነፈችበትን ቀን ለመተረክ ነው። ይህ ይቆጨኛል። እስቲ ከዚያው ቀን እንነሳ፤ ዘመኑን የምነግራችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዓመቱ 1919፣ ቦታው ዊምብልደን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ለአራት ዓመት የተቋረጠው ውድድር ገና መመለሱ ነው። በዚያን ጊዜ ደንብ ያለፈው ውድድር ባለድል ማጣሪያ አትጫወትም፤ ሌሎቹን ሁሉ ያሸነፈችው መጥታ ትገጥማታለች። ዶሮቲያ የ1914 ባለድል ናትና በ40 ዓመቷ ተጋጣሚዋን ትጠብቃለች። ደንቡ ለባለድሏ ያደላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን አንድም ግጥሚያ ሳያደርጉ በቀጥታ ለፍጻሜ መግባት ቀላል አይመስለኝም። የመጣችባትም የ20 ዓመቷ ፈረንሳዊት ሱዛን ሌንግለን ናት።

ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና ንግሥት ሜሪ ከተመልካቹ መካከል ናቸው። የመጀመሪያው ዙር 10 ለ 8 ለሱዛን፣ ሁለተኛው 6 ለ 4 ለዶሮቲያ ሆነ። በሦስተኛው ሱዛን 4 ለ 1 መራች። አበቃላት ሲባል፣ ያቺ ረጅም ጉርድና እጀ ረጅም ሸሚዝ የለበሰች የሁለት ልጆች እናት አንድ በአንድ እየለቀመች 6 ለ 5 ቀደመች። ከዚያም አንዲት ነጥብ ብቻ ብታገኝ ድሉ የእሷ የሚሆንበት ዕድል ሁለት ጊዜ መጣላት። በመጀመሪያው፣ ሱዛን የመታችው ኳስ የራኬቷን እንጨት ነክቶ፣ መረቡን ለጥቂት አልፎ ወደቀ። ሁለተኛውም ዕድል አመለጠ፤ ሱዛን 9 ለ 7 ጨረሰች። በጠቅላላው 44 ጌም ተጫወቱ። እስከ 1970 ድረስ በዊምብልደን የሴቶች ፍጻሜ ይህን ያህል የረዘመ አልነበረም።

ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ አላቆምም።

ዶሮቲያ በ1878 ኢሊንግ ውስጥ ተወለደች፤ የቄስ ልጅ ናት። ቴኒስን የጀመረችው ኳስ ከግንብ ጋር እያላተመች ነው። አሻንጉሊቶቿን በተመልካችነት ደርድራ እንደነበር ራሷ በ1910 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋለች። በ1903 የመጀመሪያውን የዊምብልደን ድል ወሰደች፤ ከዚያ በ1904፣ በ1906፣ በ1910፣ በ1911፣ በ1913 እና በ1914። ሰባት ጊዜ! በመካከሉ አግብታለች፣ ወልዳለች፤ በ1908 የለንደን ኦሊምፒክም ወርቅ አግኝታለች። በ1911ዱ ፍጻሜ ዶራ ቡዝቢን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ስታሸንፍ ተጋጣሚዋ አንዲት ጌም እንኳ አላገኘችም። ይህች ሴት በአንዲት በመረብ ላይ በተንከባለለች ኳስ ብቻ ስትታወስ ዝም ማለት አልችልም።

ከሽንፈቱ በኋላም ቤቷ አልተቀመጠችም። በ1920 ማጣሪያውን ሁሉ አልፋ እንደገና ሱዛንን ገጠመች፤ ያን ጊዜ ሽንፈቱ ሰፊ ነበር። በ1925 ግን፣ በ46 ዓመቷ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ሴቶች መካከል ይደረግ ለነበረው የዋይትማን ዋንጫ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረች። በነጠላም በጥንድም አሸነፈች፤ ብሪታንያም 4 ለ 3 ረታች። በ1928 ደግሞ ቴኒስ በክፍያ ማሰልጠን ጀመረች። በዚያ ዘመን በቴኒስ ገንዘብ የተቀበለ ሰው በዊምብልደን መወዳደር አይፈቀድለትም ነበር። እሷ ይህን እያወቀች ማስተማሩን መረጠች።