አንዲት ፊደል በሳንቲም ላይ

ዛሬ የምናነበው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሳንቲም ላይ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ሜክሲኮ። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

እኛ ዘንድ ብር ሲባል ገንዘቡም ማዕድኑም ነው። አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ፣ ማርያ ቴሬዛ የምትባለው፣ እውነተኛ ብር ነበረችና። ክብደቷ 28 ግራም፣ ከሺህ 833 እጇ ጥሩ ብር። ታዲያ ሰው በምን ይለያት ነበር? በንባብ አይደለም። ይመዝናታል፤ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምጿን ያዳምጣል፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ነጥብ በነጥብ ይቆጥራል። የተጻፈባትማ 1780 ነው፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያው ቁጥር ሲመታባት ስለኖረ ዕድሜዋን አይነግርም።

የሜክሲኮው ነገር ግን ካላነበቡ አይለይም።

የሜክሲኮ የገንዘብ መምቻ ቤት በ1535 ተቋቋመ፤ በአሜሪካ አህጉር የሚቀድመው የለም። ይህ ቤት ከ1992 ጀምሮ ዙሪያው ቢጫ፣ መሐሉ ነጭ የሆነ ባለ 10 ፔሶ መታ። ቢጫው ቀለበት የመዳብና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ነጩ መሐል ከሺህ 925 እጁ ጥሩ ብር ነው። አሠራሩን ልብ በሉ፤ ክቡ ብር በተበሳው ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ መኪናው በኃይል ሲመታቸው ብሩ ተለጥጦ ቀለበቱን ይነክሳል። ብየዳ የለበትም።

በ1993 ሁለት ታላላቆች ተከተሉት። ባለ 20ው በ1810 ሕዝቡን ለነፃነት የጠራውን ቄስ ሚጌል ኢዳልጎን ያስታውሳል። ባለ 50ው ደግሞ በ1847 የአሜሪካ ጦር ቻፑልቴፔክን ሲያጠቃ የወደቁትን ስድስት ወጣት የጦር ተማሪዎች ያስታውሳል፤ በመሐሉ ግማሽ አውንስ ጥሩ ብር አለ።

አሁን ወደ ፊደሏ እንምጣ። ሜክሲኮ በጃንዋሪ 1993 ሺህ አሮጌ ፔሶ በአንድ አዲስ ፔሶ ለወጠች። ስለዚህ በሳንቲሞቹ ላይ ከፔሶው ምልክት በፊት አንዲት የላቲን ፊደል ተቀረጸች፤ ኤን ትባላለች፣ «አዲስ» ማለት ናት። ሁለት ቋሚ መስመር፣ በመካከላቸው አንድ ሰያፍ። ብር ያለበት ባለ 10 እስከ 1995 ተመታ። በ1997 ዓመተ ምሕረት የተመታው ባለ 10 መልኩ ያው ነው፤ ያው ቢጫ ቀለበት፣ ያው ነጭ መሐል፣ ያው የጥንቱ የፀሐይ ድንጋይ ሥዕል። ኤን ግን የለችም፤ ብሩም የለም! መሐሉ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። ነጭ ነው ብሎ በብር ዋጋ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከሰረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ። ከ2003 እስከ 2007 የወጡት የባለ 100 ፔሶ መታሰቢያዎች ኤን ሳይኖርባቸው መሐላቸው ብር ነው። የፌዴሬሽኑን 180ኛ ዓመት ለማሰብ ለ31 ክፍለ ሀገራትና ለዋና ከተማዋ ተመቱ። የመጀመሪያው ዙር፣ እኛ ከፐ ተነሥተን ወደ ሀ እንደምንሄድ፣ ከፊደላቸው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ። እናም ቀዳሚዋ ከ1546 ጀምሮ በብር ማዕድኗ የታወቀችው ዛካቴካስ ሆነች። ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

በእነዚህ ላይ የተጻፈው 100 ራሱ አታላይ ነው። በአፕሪል 2011 የአንድ አውንስ ብር ዋጋ 50 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሳንቲሙ መሐል ያለው ግማሽ አውንስ ከ20 ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ 100 ፔሶ ሲመነዘር 9 ዶላር አይሞላም ነበር። ያን ቀን ሳንቲሙን ለባለሱቅ በ100 ፔሶ ሒሳብ የሰጠ ሰው ከግማሽ በላይ ዋጋውን ጥሎ ወጣ።

በሉ ደብተራችሁን ክፈቱ። 925 ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩ 1000። አጠገቡ ኤንን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከኪሳችሁ አንድ ሳንቲም አውጡና ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።