ኬላ የሌለበት መንገድ ፍለጋ፦ ከጅግጅጋ እስከ ናይሮቢ በተጓዥ ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም እንድንናገር የጠበቃችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስለ እርሱ ከእኛ በፊት የቆሙት አሳምረው ስለ ተናገሩ፣ እኛ ደግሞ በጂኦግራፊ ማኅበራችን ዓመቱን ሙሉ ስለ ተከራከርንበት ነገር ልናወጋችሁ ፈቀድን። ነገሩ ከፈተና በኋላ ከጅግጅጋ ተነሥተን እስከ ናይሮቢ በተጓዥ ቤት ለመሄድ ያወጣነው ዕቅድ ነው። ለመንገድ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ኬላ ሁሉ እየሸሸን እንሂድ ወይስ እየከፈልን እንለፍ? ክርክሩ ይህ ነበር። ማኅበሩ በሁለት ተከፍሎ አንዱ ወገን «ሸሺዎች»፣ ሌላው ወገን «ከፋዮች» ተባለ።

ሸሺዎቹ የተነሡበት ምክንያት ግልጽ ነው። የማኅበራችን ሣጥን ቀላል ናት። በውስጧ ያለው ወላጆች ያዋጡልንና በየዓርቡ ሻይና ሳምቡሳ ሸጠን ያጠራቀምነው ነው። ከእርሱ ላይ ናፍታ፣ ምግብ፣ የሹፌር አበልና የድንበር ወረቀት ይከፈላል። የቀረው ለጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

ተጓዥ ቤት ስንል በሌላው ዓለም አልጋውም፣ ማብሰያውም፣ የውሃ በርሜሉም በአንድ መኪና ላይ የሚገኝበትን ዓይነት ማለታችን ነው። እኛ የምናገኘው ግን የአንዱ ጓደኛችን አጎት የሚያውሰን አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ነው፤ በላዩ አናጢ የእንጨት ቤት ይሠራበታል። ይህን ስንናገር የሳቁብን ነበሩ። ነገር ግን ቤትን ጭኖ መጓዝ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነውን? የሶማሌ አርብቶ አደር እናት አቃሏን ነቅላ የጎበጡትን እንጨቶችና ምንጣፎቹን በግመል ላይ ትጭናለች፤ ሰፈር በተለወጠበት ቦታ መልሳ ትተክለዋለች። ከመካከላችን በእንዲህ ያለ ቤት ተወልደው ያደጉ ሦስት ተማሪዎች አሉ። ስለ ጭነት አደላደል ከእነርሱ የሰማነውን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘነውም፤ ከባዱ ከታች፣ ውሃው በሁለቱ ጎን እኩል፣ ማታ አስቀድሞ የሚፈለገው ነገር ከሁሉ በላይ። የመኪናችንም ዕቃ የሚጫነው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ኬላም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። ቃሉ ራሱ ከቀድሞ ጀምሮ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልበት የመንገድ በር ማለት ነበር። ማቴዎስም ሐዋርያ ሆኖ ከመጠራቱ በፊት የተገኘው በቀረጥ መቀበያው ተቀምጦ ነው። በእኛም አገር እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ዓመት ማለቂያ ከዘይላ ተነሥቶ በ1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ ያለ አባን አልተጓዘም። አባን የነጋዴው አስተናጋጅ፣ መንገድ መሪ፣ ደላላና ጠባቂ ነው፤ ሲራራው ዋጋውን እየከፈለ በእርሱ ጥላ ሥር የጎሣዎቹን ምድር ያልፋል። ከከፋዮቹ አንዷ ይህን ይዛ፣ «የድሮው ሰው አባኑን ያልሸሸው ሞኝ ስለ ሆነ ነውን?» ብላ ስትጠይቅ ሸሺዎች ለአንድ ሳምንት መልስ አጡ።

ከጅግጅጋ የሚወጣው መንገድ ሦስት ነገር ይፈቅዳል። ወደ ምሥራቅ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ሐርጌሳና በርበራ ይደርሳል። ባሕር ማየት ብቻ ለሚሻ ይህ ይበቃዋል፤ ለእኛ ግን አጭር ሆነብን። ሁለተኛው በድሬዳዋ አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው ነው፤ ብዙ የተከራከርነውም በእርሱ ላይ ነው።

ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመርቆ የክፍያ መንገድ ሆነ። በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ በኩል ያልፋል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው ባቡር የመጣበት ወገን ነው። ከእኛ ጋር የሚማሩ የእነዚህ ከተሞች ልጆች ስለ ሆኑ፣ የአንዱን አባት፣ ብዙ ዘመን ካሚዮን የነዱትን፣ ወደ ማኅበራችን ጋብዘን ጠየቅናቸው። አባባ ሲያጫውቱን አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት በዚያ በረሃ መኪና የሚሄደው እየጸለየ ነበር፤ አቧራው የፊት መብራት ያስበራ ነበር፤ ድንጋዩ ጎማ ይበላ ነበር። ብዙው ካሚዮን በአዋሽና በሚሌ ዞሮ በጋላፊ ይወጣ የነበረውም ስለዚህ ነው። ዛሬ የአይሻን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ግንቦች እያዩ በአንድ ቀን ጅቡቲ መግባት ይቻላል።

ሸሺዎች እንዲህ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ፦ የደወሌውን ኬላ ላለመክፈል እኛም በጋላፊ እንዙር። ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራነው። በደወሌ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ ዞሮ ለመድረስ ወደ 900 ይጠጋል። ልዩነቱ 600 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናችን በ1 ሊትር 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 100 ሊትር ናፍታ ሊቃጠል ነው። የ100 ሊትር ናፍታ ዋጋ የኬላውን ክፍያ ብዙ ጊዜ ይከፍላል። በዚህ ላይ ሁለት ቀን ይጨመራል። ሰሌዳው ይህን ካሳየ በኋላ በዚያ መንገድ ነገር ሸሺዎች ዝም አሉ። አባባም ፈገግ ብለው፣ ሹፌር ገንዘቡን ሲቆጥር ከኪሱ የወጣውን ብቻ ሳይሆን ከታንኩ የወጣውንም ይቆጥራል አሉን።

ነገር ግን ሸሺዎች ያሸነፉበት መንገድ አለ፤ እርሱም ሦስተኛው፣ የመረጥነው የናይሮቢው መንገድ ነው። ካርታውን እያነበባችሁ ተከተሉን።

ከጅግጅጋ ወደ ምዕራብ እንወጣለን። ካራማራን በማርዳ በር እናልፋለን። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት የእንግሊዝ መንግሥት የናይጄሪያ ወታደሮች ጣልያንን የወጉበት፣ በ1970 ዓ.ም. የካቲትም የካራማራ ጦርነት የተደረገበት ሥፍራ ይህ ነው። ከዚያ የፋፈን ሸለቆ፣ ቀጥሎም በባቢሌ አቅራቢያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የቆመበት የደካታ ሸለቆ። ከሐረር በኋላ ቁልቢን፣ ሂርናንና ጭሮን እያለፍን፣ ከጨርጨር ደጋ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ወደ ሚኤሶ ቆላ እንወርዳለን። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መካከል መንገዱ ስለሚያልፍ ሳላ የተባለውን ባለ ረጅም ቀንድ አውሬ ከመኪናው ሳንወርድ ልናይ እንችል ይሆናል። መተሐራን አልፈን አዳማ እንደርሳለን። ይህ ሁሉ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አገሩ ሁሉ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ፣ ወይም በሞጆ ታጥፎ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል የክፍያ መንገድ አለ። የአዲስ አበባና የአዳማው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፍቶ በአገራችን የመጀመሪያው ሆነ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የተጀመረውም እስከ ባቱ ድረስ መኪና ይሄድበታል። ክፍያው በርቀቱና በመኪናው መጠን ስለሆነ፣ ባለ ቤቱ አይሱዙአችን ከትንሽ አውቶሞቢል ጋር እኩል አይታይም። በሞጆና በባቱ ያለው የድሮ መንገድ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ካሚዮንና የአህያ ጋሪ በአንድ መሥመር የሚተላለፉበት ነው። እንግዲህ አንዲት የማኅበራችን አባል ካርታውን ትኩር ብላ ተመልክታ ጣቷን ከአዳማ ወደ ደቡብ ሰደደች፦ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ፣ ኮፈሌ፣ ሻሸመኔ። አንድም የክፍያ ኬላ የሌለበት የአርሲ መንገድ!

መንገዱ በሐይቆቹ በኩል ካለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 10 ሊትር ናፍታ ማለት ነው። ይህን 10 ሊትር ሁላችንም በደስታ ፈቀድን። ምክንያቱም አሰላ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ናት፤ ከበቆጂ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። እኛ የቆላ ዳር ልጆች ያ ከፍታ የሚያሳድረውን ትንፋሽ እስቲ በአንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ እንሞክረዋለን። በነሐሴ ብርድና ጭጋግ እንዳለበት ተነግሮናል፤ ስለዚህ ብርድ ልብስ ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ይፈለጋል።

ከሻሸመኔ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዚህ ክፍል ከኬላ ይልቅ የሚያሳስበን ፀጥታው ነው። በየከተማው የሚመጡትን ሹፌሮች ሳንጠይቅ ወደሚቀጥለው ላለመነሣት ተስማምተናል፤ መልካም ካልሆነ እዚያው እናድራለን፤ አሁንም መልካም ካልሆነ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ይህን ቃል ለወላጆቻችን በዚህ አዳራሽ እንሰጣለን።

በሞያሌ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተመረቀ የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ። ለመኪናው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው የመድን ወረቀት ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያም በኬንያም ይሠራል። ድንበሩን እንዳለፍን ደግሞ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ለአናጢው በቀኝ ጎን በር እንዲያወጣ ነግረነው ነበር፤ በኬንያ ግን የቀኙ በር ወደ መኪናው መተላለፊያ ይከፈታል። ስለዚህ በሩ ከኋላ እንዲሆን ተወሰነ፤ በየትኛውም አገር የኋላው ኋላ ነውና። ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ እስከ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በናንዩኪ ላይ የምድርን መቀነት እንሻገራለን። በናይሮቢም እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተ 27 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ በአየር ላይ ተዘርግቷል፤ ነገር ግን እኛ የምንገባው በቲካ በኩል ስለሆነ ከሩቅ አይተነው እናልፋለን።

በዚህ ዓይነት ከጅግጅጋ እስከ ናይሮቢ 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለክፍያ መንገድ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ይኬዳል ማለት ነው። ሸሺዎች በዚያን ቀን አጨበጨቡ።

ሆኖም ስንመለስ ሁላችንም አዲስ አበባ ገብተን በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ለማየት እንፈልጋለን፤ ከዚያ ወደ አዳማ መውረድ አለብን። እዚህ ላይ ሸሺዎች በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ ከተሞች መካከል የሚያልፈውን የድሮውን ነጻ መንገድ ጠየቁ። በዚያ መንገድ ካሚዮኑ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና እግረኛው በአንድነት ይጋፋሉ። ፈጣኑ መንገድ ግን የሚወጣውና የሚወርደው መሥመር ተለያይቶ የታጠረ ነው፤ እግረኛና ከብት አይገቡበትም። ድምፅ ሲሰጥ ከሸሺዎች መካከል አራቱ ወደ ከፋዮች ተሻገሩ። ከአራቱ አንዱ በመንገድ አደጋ ወንድሙን ያጣ ጓደኛችን ነው፤ እርሱ ምንም አልተናገረም፤ እጁን ብቻ አነሣ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። የዚያ ኬላ ገንዘብ በልዩ ፖስታ ታሽጎ ከሣጥኗ ውጭ በመምህራችን እጅ ተቀምጧል፤ ለሳምቡሳ እንዳይወጣ።

አንድ ሌላ ኬላም አለ፤ ማንም በካርታ ላይ አልጻፈውም፤ ግመል ይባላል። በጅግጅጋ ሜዳ ማታ ማታ አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ ለጥሩምባም ደንታ የለውም፤ የገጨውም ሹፌር ለባለቤቱ ካሣ ይከፍላል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መኪናችን አይንቀሳቀስም። መሪውን የሚይዘው ፈቃድ ያለው ሹፌር ነው፤ ከእኛ ከተማሪዎቹ ማንም አይነካውም። ሁለት መምህራን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከእኛ ጋር ሊሄዱ ፈቅደዋል። የምናድረው በየከተማው በትምህርት ቤት ወይም በሐኪም ቤት ግቢ ነው፤ ደብዳቤዎቹን ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ውድ እናቶቻችን! የሁለት እኅቶቻችን እናቶች እስከ ዛሬ አልፈቀዱም። የአርሲን መንገድ ያገኘችልን ከሁለቱ አንዷ መሆኗን ብቻ እንነግራችኋለን። ከእርሷ በቀር ካርታውን እንዲህ የሚያነብ ሰው የለንም።

ካርታው በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቀዩ ክር መሄጃው ነው፤ ሰማያዊው መመለሻው። ከበዓሉ በኋላ ሻይ በዚያ ክፍል ስለሚቀርብ፣ መንገዱን የምታውቁ አባቶች ሁሉ ቀርባችሁ እንድትመለከቱት እንለምናለን። ማደሪያ ይሆናል የምትሉትን፣ ድልድይ ተሰብሯል የምትሉትን፣ ወይም ውሃ የሚገኝበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። እርሳሱ ከካርታው ጎን በገመድ ታስሯል።